ሳልረዳ የቀበርኳት

በርበሬ ሲፈጭ ሰው ያስነጥሳል። ይሄን ለማወቅ ተማሪ ቤት መሄድ አያስፈልግም። እኔ ግን ወፍጮ ቤቴ ውስጥ በርበሬ በተፈጨ ቁጥር ከማስነጠሴ በፊት እፈራለሁ። ሽታው ገና አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዓይኔ በር በሩን ያያል። አትሳቅ። ቡሬ ላይ የኔን ያህል ወፍጮ የሚያውቅ የለም። ያለ አስተማሪ፣ ሞተሩን ፈትቼ በመግጠም ነው የተማርኩት። አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር የመጣ መካኒክ ሦስት ቀን ታግሎ ያቃተውን እኔ ቁርሴን ሳልበላ አስነሣሁት። በጨዋታም የሚስተካከለኝ የለም። እኔ ያልገባሁበት ሠርግ አይሞቅም ይባላል፤ ይሄን የምለው እኔ ራሴ ብሆንም እውነት ነው። እንዲህ ያለው ሰውዬ ነው እንግዲህ ለአንድ ቁና በርበሬ የሚርበተበተው። ሚስቴ «አይስማማውም፣ ሐኪም ይየው» ትላለች።

ምኑን ያየዋል ሐኪም! የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ የሄድኩት የአንድ ቀን መንገድ ነው እኮ ያለብኝ።

እኔን የወለደችኝ እናት ዓመት ሳይሞላኝ ነው የሞተችው። መልኳን አላውቀውም። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታላቅ። ያኔ እሷም ሴት ልጅ ወልዳ ታጠባ ስለነበር፣ አንዱን ጡት ለልጇ፣ አንዱን ለኔ ሰጥታ አሳደገችን። የግራው ያንተ ነበር ይሉኛል፤ በልብ በኩል ስለጠባሁ ነው እንዲህ ደግ የሆንኩት። ግን «እማ» ብያት አላውቅም። ልጅ ሆኜ አንድ ሁለቴ ቢያመልጠኝ ዘመዶች ተቆጡኝ። «እናትህ ሌላ ናት። ነፍሷ ይከፋታል። አክስቴ በል» አሉኝ። እሺ አልኩ። ልጇ «እማ» ስትል እኔ «አክስቴ» እያልኩ አደግን፤ ለሁለታችንም እኩል «ወዬ» ትል ነበር።

ከልጇ ጋር ደግሞ አይጥና ድመት ነበርን። እኔ እሷን «ገጣጣ» ነበር የምላት፤ እሷ እኔን «ጆሮ ሰፌድ»። ስንገናኝ ሰላምታችን ይሄ ነው፤ ስንለያይም ይሄው ነው። እሷ ጎበዝ ተማሪ ስለነበረች ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ እኔ ከስድስተኛ ወጥቼ እርፍ ጨብጫለሁ። የአክስቴ ባል ቀደም ብሎ ስላረፈ የቤቱ ሰው እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን።

ኅዳር ላይ፣ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ሊታጨድ ሲል፣ አክስቴ ታመመች። «ለዚች ትንሽ ሕመም ልጄን ከትምህርቷ እንዳትጠሩብኝ» አለች። ሦስተኛው ቀን ጧት ሞተች። ከሰዓት ተቀበረች። ልጇ አልደረሰችም።

ስልክ ያኔ በኪስ የሚዞር ነገር አይደለም። ቢኖርስ ማን በስልክ ይናገራል? አሁን ሰው የወንድሙን ሞት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ከሻማ ሥዕል ጋር ፌስቡክ ላይ ያየዋል። ባለፈው አንዱን ደንበኛዬን እዚሁ ወፍጮ ቤት ዱቄቱን እየጠበቀ እንዲያ ሲሆን ዐይቼዋለሁ። በኛ ጊዜ ሞት ራሱ ወግ ነበረው። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ገበያ ላይ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሎች ቤት ገብተው፣ ሴቶች ለመያዝ ከጓዳ ተዘጋጅተው፣ ከሕመሙ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ነው። ሰው ማልቀሱን ብቻ ሳይሆን የሚያለቅስበትን ሰዓት ሌላ ሰው ነበር የሚወስንለት።

ቀብሩ ላይ አካፋ ይዤ አፈር እመልሳለሁ። ሴቱ ደረቱን ይመታል፤ ወንዱ ወዬው ይላል። እኔም ከሆዴ አንድ ነገር ተነሥቶ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ አንድ እጅ ክርኔን ጨበጠኝ። የአገሩ መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ ናቸው። ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፤ ሲበዛ ደግ። ሰው ግን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ይደነግጥ ነበር።

«ተው» አሉኝ።

«አባቴ?»

«አንተ ዛሬ አታለቅስም። ነገ ፍኖተ ሰላም የምትሄድ አንተ ነህ። ዓይንህ ካበጠ ገና በር ላይ ታውቅብሃለች።»

የተነሣውን ዋጥኩት። እንደ ትኩስ ድንች ነው የወረደ።

ከቀብር በኋላ ሽማግሎቹ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ወይራው ሥር ቁጭ አሉ፤ እኔ ፊታቸው ቆምኩ። አንደኛው፣ «ሌላ ሰው ብንልክ ገና ከሩቅ ሲታይ መርዶ ነው። የዚህ ጥርስ ግን ተከድኖም አያውቅ። ማን ይጠረጥረዋል?» አለ።

ሌላው፣ «እሱም እኮ ሐዘንተኛ ነው። ያሳደገችው ናት» ቢል፣ «የእህት ልጅ እንጂ ልጅ አይደለ! ይችለዋል» አለ የፊተኛው። እኔም ደረቴን ነፍቼ «እችለዋለሁ» አልኩ። ምን ያላልኩት አለ በዕድሜዬ!

መርዶ ነጋሪው እንድጠጋ በእጃቸው ጠሩኝ። «ስማኝ ልጄ። አሟታል እንዳትል። አሟታል ካልክ ሞታለች አልክ፤ ይሄን ያላወቀ ያገራችን ሰው የለም። ነበረች እንዳትል። ጋቢህን እንዳታዘቀዝቅ። እንዳትተክዝ። ፊትህን ታጠብ፣ ቅባት ተቀባ።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለህ ብትለኝ ምን ልበል?»

«ሽማግሌ ተልኮብሻል፣ ልትዳሪ ነው በላት። ትናደዳለች። የተናደደ ሰው አይጠረጥር።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ሰውዬ ታውቀዋለህ አይደል?»

ዐወቅኩት። ማን አያውቀውም። ቡሬ ገበያ መሀል ጨው ሲገዛ አንዱ የሰማ መስሎት «እግዜር ያጽናህ» አለው፤ አባቱ ሞቶ ነበር። ሰውዬው ጨዉን እንደያዘ ወደቀ። ሲነሣ አፉ ተዘግቷል። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳይወጣው በደጃችን ያልፍ ነበር፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም።

«እሷ እንዲያ ብትሆን ባንተ ነው» አሉኝ ሽማግሌው።

ከዚያች ቃል ጀምሮ ነው የፈራሁት። ጅብ ከበረት አባርሬአለሁ፤ ወንዝ ሞልቶ በዋና ተሻግሬአለሁ፤ ይሄን ስናገር ትንሽ ብጨምርም መሻገሩን ተሻግሬአለሁ። ያን ቀን ግን አንዲት ቃል ፈራሁ። «ነበረች»። ገና አፌ ውስጥ ሆና ምላሴ ሥር እንደ እሾኽ ተሰክታ ተሰማችኝ።

በማግሥቱ ማልጄ ምንጭ ወረድኩ። ውርጭ ነው፤ ውሃው እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ፊቴን በሳሙና ፈተግሁት። ቅባት ተቀባሁ፣ ከጎረቤት ኮት ተዋስኩ፣ ወደ ቡሬ መንገድ ጀመርኩ። ብቻዬን እየሄድኩ ሳቅ ተለማመድኩ። ሃ ሃ ሃ። ማሳው ላይ የነበሩ ቁራዎች ተነሥተው በረሩ። እንደገና ሃ ሃ ሃ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝና እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ከቡሬ በመኪና ፍኖተ ሰላም ስደርስ ረፋድ ሆኗል። ፀሐዩ ይሞቃል፣ መንገዱ ዳር የተላጠ ሸንኮራ ይሸታል፣ ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው። የተከራየችበት ግቢ በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጌ ገባሁ። እሷ ልብስ ታጥባለች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። ቀና አለች።

«ምን ሆናችሁ?»

ሰላም የለ፣ ጆሮ ሰፌድ የለ። ከገጠር ሰው ሳይታሰብ ብቅ ሲል የተማሪ ሁሉ የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው።

«ልትዳሪ ነው!» ብዬ ሳቅኩ። እንዴት አድርጌ እንደሳቅኩ! አንዲት ዶሮ ደንግጣ ከግቢ ወጣች።

አስተውላ ዐየችኝ። ከፀጉሬ ጀመረች፣ ፊቴ ላይ ቆየች፣ ኮቱን ዐየች፣ እግሬ ድረስ ወረደች። አረፋው ከክንዷ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ማነው እሱ?» አለች።

ተመስገን አልኩ በሆዴ። «ሀብታም ነው። የቋሪት ሰው ነው። አራት በሬ አለው።»

«መልኩስ?»

«ቆንጆ ነው። አንድ ዓይኑ ብቻ ትንሽ…»

«ዕውር ነው?»

«ኧረ የምን ዕውር! ጨፈን ያለ ነው እንጂ። ሲያርስ ነው የሚጨፍነው፣ ለማነጣጠር።»

«እማስ ምን አለች?»

መጣልህ። «እሷማ ልጄ ሳትመጣ ምንም አልልም ነው ያለ… ነው የምትል» አልኩ። ያለችውን ወደምትል እስክለውጣት ድረስ ዓመት የሄደ መሰለኝ።

«እሺ» አለች። «ልብስ ልቀይር።»

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ቆየች። በጣም ቆየች። እኔ ገንዳው አጠገብ ቆሜ የሳሙናው አረፋ አንድ በአንድ ሲፈነዳ አያለሁ። ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ወድቃ ቢሆንስ? አፏ ተዘግቶ ቢሆንስ? በሩን ልገፋ እጄን ስዘረጋ ከፈተችው። ዓይኗን ተኩላለች፤ ወፈር አድርጋ፣ እንደ ሙሽራ። በልቤ፣ ይች ልጅ ለካ ባል ፈልጋለች፣ ብዬ ተገረምኩ። ያን ያህል ነው እንግዲህ የኔ ብልጠት።

መናኸሪያው አውቶቡስ አልነበረም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን። ወደ ቡሬ የሚሄድ ኢሱዙ አገኘንና ከኋላ ወጣን፤ የበርበሬ ነጋዴዎች ከነጆንያቸው የሞሉበት። ጆንያው ላይ ተቀመጥን። መኪናው አንድ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ቀይ አቧራ ቡን ይላል። ሰው ሁሉ ያስነጥሳል፤ ሰው ሁሉ ያነባል። አንድ ሰው ሲያስነጥስ ደግሞ ምን ይባላል? «ይማርህ!» «ይማርሽ!» ከዚህም ከዚያም ይማር ይማር ይማር። እኔ ትናንት ቀብር ላይ «ነፍስ ይማር» ስሰማ የዋልኩ ሰውዬ በያንዳንዷ «ይማር» እደነግጣለሁ፤ ቀጥሎ የአክስቴን ስም የሚጠሩ ይመስለኛል። አንዲት ወፍራም ነጋዴ ሴት «ምነው ወንድሜ፣ ይማርህ ባልኩህ ቁጥር የምትዘል? ዕዳ አለብህ እንዴ ከእግዜር ጋር?» ብላ ሰው አሳቀችብኝ። እኔን! ሰው አሳቂውን!

ማንኩሳ ላይ መኪናው ቆመና አንድ ሰው ወጣ። ትናንት አብሮኝ አፈር የመለሰ ሰውዬ ነው። ቀብር ውሎ ማንኩሳ እህቱ ቤት አድሮ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። ልጅቷን አላያትም፤ እኔን ዐየኝ። ፊቱ ጠወለገ፤ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ውይ ወንድሜን! እግዜር ያጽ…»

«እግዜር ያክብርልኝ!» ብዬ ጮህኩ። መኪናው ሁሉ ዞረ። በተረከዜ የእግሩን ጣት እየረገጥኩ፣ «ሰማህ አይደል? የአክስቴን ልጅ ልንድራት ነው! ያችውና! ከፍኖተ ሰላም ይዣት መጣሁ!»

ሰውዬው አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ቀስ ብሎ ዐያት። ከዚያ እኔን ዐየኝ፤ ገባው። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። «እንኳን…» አለ። «እንኳን ደስ አላችሁ» አለና እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«በርበሬው ነው» አለ፣ በጋቢው ጠርዝ እየጠረገ።

«በርበሬው ነው» አልኩ እኔ።

እሷም ወደ መንገዱ እያየች፣ ዓይኗን ሳትነካ፣ «በርበሬው ነው» አለች።

ቡሬ ወርደን የሁለት ሰዓቱን የእግር መንገድ ስንጀምር ብቻችንን ሆንን፤ ፍርሃቱ ደግሞ ባሰ። መኪና ላይ የሚያስፈራኝ ሰው ነበር። እዚህ ከራሴ አፍ በቀር ማንም የለም። ማሳው ቢጫ ነው፣ የደረቀ ሣር ይሸታል፣ ከሩቅ በሬ የሚነዳ ሰው ድምፅ ይሰማል። እሷ ደግሞ መጠየቅ ጀመረች።

«እማ ለሽማግሎቹ ምን ሠራችላቸው?»

«ዶሮ።»

«የትኛዋን?»

«ያችን… ያችን ገብስማዋን።»

«ምን ለበሰች?»

«ነጩን ቀሚሷን። ለጥምቀት የምትለብሰውን።»

«ተቆጣችህ?»

«ኧረ ጆሮዬን ነው የምትጎትተኝ! እንጨት ሳትፈልጥ የት ትገተራለህ ነው የምትለኝ።»

«በል ንገረኝ፣ ሌላስ?»

ሌላስ ትላለች፣ እኔ እጨምራለሁ። የሞተችውን ሰው በሁለት እግሯ አቆምኳት። ወጥ አሠራኋት፣ ጎረቤት አስቆጣኋት፣ ሽማግሎቹን «ልጄን ለዕውር አልሰጥም» ብላ እንድታሳፍር አደረግኋት። አንድ ቦታ ላይ ራሴን ስሰማው እውነት እየመሰለኝ መጣ። ቤት ስንደርስ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀን መሰለኝ። ይሄን ጊዜ ነው አንገቴን የቀዘቀዘኝ። ሰው ውሸቱን ሲያምን የሚፈራውን ፍርሃት ፈርተህ ታውቃለህ? እኔ ከዚያ ወዲህ አንድም ውሸት አምኜ አላውቅም፤ ለሌላ እናገራለሁ እንጂ።

ዳገቱን ስንወጣ ከፊታችን ሴቶች ብቅ አሉ። ከለቅሶ ነው የሚመለሱት። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፣ ጥለቱ ወደ ላይ አንገታቸው ሥር ሆኗል። እጇን ይዤ ወደ ገደሉ ጎተትኳት።

«ምንድነው?»

«ሽማግሎቹ ናቸው! እንዳያዩሽ!»

«ሴቶች ናቸው እኮ።»

«የሽማግሎቹ ሚስቶች ናቸዋ!»

አጋም ቁጥቋጦ ውስጥ ገባን። እሾኹ የተዋስኩትን ኮት ቀደደው። ሴቶቹ ከራሳችን በላይ ባለው መንገድ አለፉ። አንዷ ንፍጧን ስትናፈጥ ይሰማል፤ ሌላዋ «አይ የሷ ነገር፣ አይ የሷ ደግነት» ትላለች። ስም እንዳትጠራ። ማርያም ሆይ ስም እንዳትጠራ። ልጅቷ የእጄን አንጓ ጨብጣ ይዛለች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ሽማግሎቹን ፈርታ ነው ብዬ፣ «አይዞሽ እህቴ» አልኳት።

እህቴ አልኳት። ያኔም አልነቃሁም።

ፀሐይ ስትጠልቅ የክርስትና እናቷ ቤት አስገባኋት። «ሽማግሎቹ እቤት ናቸው፤ የታጨች ልጅ ደግሞ ሽማግሌ ባለበት አትገባም» አልኩ፤ እሺ አለች። ክርስትና እናቷ ራት አቀረበች። ሦስታችንም አልበላንም፤ ሦስታችንም ጠገብን አልን። መንደሩ ውሻ እንኳ እንዳይጮኽ የታዘዘ ይመስል ዝም ብሏል።

ጎህ ሲቀድ መጡ። መርዶ ነጋሪው ከፊት፣ ሁለቱ ሽማግሎች ከኋላ። ከጓዳ በኩል የሴቶች እግር ኮሽ ሲል ሰማሁ። ብርሃኑ ገና ግራጫ ነው፤ በበሩ ስንጥቅ እየገባ የሽማግሌውን ነጭ ጋቢ ብቻ ያሳያል። እሷ መደቡ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ቁጭ ብላለች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜአለሁ። በሆዴ ጨረስኩ፣ አደረስኩ እላለሁ።

«እንዴት አደርሽ ልጄ?»

«እግዜር ይመስገን አባቴ። እንዴት አደሩ?»

ሽማግሌው በርጩማ ሳቡና ተቀመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሰው እንግዳ ነው…» ብለው ሲጀምሩ እጇን አነሣች።

«አባቴ፣ አቋረጥኩዎ፤ ይቅርታ ያርጉልኝ። እኔ ከትናንት ጀምሮ ዐውቄዋለሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «በማርያም!» ብዬ ጮህኩ። «አልተናገርኩም! አንድ ቃል አልወጣኝም!»

«እሱ አልነገረኝም» አለች። «ፊቱን ታጥቦ መጣ። ለኔ ብሎ ፊቱን ታጥቦ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰድበኝ ዋለ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ዝም ብለሽ?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ተኩዬ ነው የወጣሁት፤ ካነባሁ ኩሉ ያሳብቃል ብዬ ራሴን ያዝኩ። እኔ መንገድ ላይ ካለቀስኩ እሱ ምን ይሆናል? ምንም ሳያለቅስ እንደመጣ ፊቱ ላይ ይታያል። እንደዚያ ሰውዬ አፉ ቢዘጋብኝስ ብዬ ፈራሁ።»

ለካ ሁለታችንም ያን ቀን ሙሉ አንዱ አንዱን እየጠበቀ፣ አንዱ ለአንዱ እየፈራ ነው የሄድነው።

«አሁን እኔን ተዉኝ» አለች። «ያላረዳችሁት እሱን ነው። እሱን አርዱት።»

አማርኛ ክፉ ነው፤ በአንዲት ፊደል እርዱት፣ እረዱት፣ አርዱት ይሆናል። የቱን እንዳለች ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ሦስቱንም መሰለኝ።

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «እሱ እኮ ቀባሪ ነው ልጄ። በእጁ ነው አፈር ያለበሳት።»

«ቀበረ እንጂ መች ተረዳ? ልጅ አይደለም ብላችሁ ዘለላችሁት። እማ ሁለት ልጅ ነው ያላት።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ወግ የለም። ለቀባሪው አረዱት ሲባል ለቀልድ ነው የሚባል፤ የማይሆን ነገር ማለት ነው። እኔም ልቀልድ አፌን ከፈትኩ። ጥርሴን አሳየሁ። ምንም አልወጣኝም። ምላሴን ባንቀሳቅስ፣ ከንፈሬን ባላውስ፣ ድምፅ የለም። ያን ጊዜ የፈራሁትን ፍርሃት እስከ ዛሬ በርበሬ በሸተተኝ ቁጥር ነው የማገኘው።

መርዶ ነጋሪው ዐዩኝ። ረጅም ጊዜ ዐዩኝ። ከዚያ ብድግ ብለው በርጩማውን ወደ እኔ አዞሩት።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉኝ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«እናትህ» አሉ። ደገሙት። «እናትህ ማክሰኞ ጧት ራሴን አመመኝ አለች።»

ቀስ አሉ። ወጉን አንዲት ነገር አላጎደሉብኝም። ውሃ ጠጥታ ጋደም አለች አሉ። ረቡዕ ትኩሳቱ ጠናባት፣ ጠበል መጣላት አሉ። ሁሉንም ዐውቀዋለሁ፤ ጠበሉን ተሸክሜ የመጣሁት እኔ ነኝ። ልቤ ግን እንደማያውቅ ሰው ይደልቅ ነበር። ማታ ላይ ሻል አላት፣ ቀና ብላ ስምህን ጠራች ሲሉ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ደስ አለኝ። ምናልባት በሳቸው አፍ ስትነገር ትተርፍ ይሆናል ብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ወደ ፊት ተጠጋሁ።

«ሐሙስ ጧት…» አሉ።

ልጅቷ ከመደቡ ወርዳ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ከዚያስ አባቴ?» አልኳቸው፣ እኔ የቀበርኳት።